መርከቡ ሳይነሳ

ይድረስ ለአቶ ሄልጌ፣ ለወይዘሮ ሲግኔ፤
ደብዳቤያችሁ ደርሷል፣ መልሱ ይኸው ከእኔ።
«ስንት ሌሊት ይበቃል መርከቡ ሳይነሳ?»
ላላችሁኝ ነገር፣ ሦስት ጣቴን ላንሳ።

አንድ ሌሊት አትበሉ። አንድ ሌሊት ማለት
አውሮፕላን ዘግይቶ፣ ሻንጣ የጠፋ ዕለት
ባሕሩን ሳያዩ ስልክ ይዞ ማደር፤
አምና አንዱ እንግዳዬ በተውሶ ሸሚዝ ነው የቆመው ከመርከቡ በር።
ሁለት ብትሉኝም አልሟገታችሁም፣
ግን ሁለተኛው ቀን የእናንተ አይደለም፤
ለእንቅልፍ ይሄዳል። ከበረዶ አገር
የመጣ ገላ ነው፣ ለመዛል አይቸገር።
ሦስተኛው ቀን ላይ ነው ሰው ሰዓት የሚያወልቅ፣
በጎቻችንን አይቶ «ፍየል ናቸው?» ብሎ ልጆች የሚጠይቅ፣
«በግ ናቸው» ሲሉትም አብሯቸው የሚስቅ።

«ሌላም ደሴት እንጨምር» ያላችሁት ሐሳብ፣
ይቅርታ፣ የካርታ ነው። በካርታ ሲታሰብ
ከጣት እስከ ጣት ነው ደሴት ለደሴቱ፤
ትንሿ አውሮፕላን ግን እንደ እመቤቲቱ
ስትፈልግ ትነሳለች፣ ሳትፈልግ ታድራለች፤
መርከብ ደግሞ ለሰው መች ትጠብቃለች?
ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤
አንድ ደሴት ይበቃል፤ እሱንም አትጨርሱትም።

ቤቴ በምሥራቅ ነው፤ ባትሼባ ይባላል፤
አትላንቲክ ዓለቱን ሲደበድብ ያድራል።
እዚህ አይዋኝም። እውነቱን ልናገር፣
በሥዕል ያያችሁት ሰማያዊ ባሕር
የምዕራቡ ነው፤ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት፤
የእኛው አረፋ ነው፣ የሚያገሳ ወተት፣
ወንበሩን፣ ማጠፊያውን ጨው የበላበት ቤት።
ዋጋው ከታች አለ፤ ቁርስን ይጨምራል፤
ዓርብ ዓርብ ማታ የሚበር ዓሣ ይጠበሳል።
አጎበሩ ተጥፏል፣ ትንኝ አያሳልፍ፤
ሐሙስ ውኃ ይጠፋል፣ ባልዲው አለ ከደጃፍ።

እስካሁን ያልኩት ለማንም የምጽፈው ነው።
የመርከባችሁን ስም ሳይ ግን
መነጽሬን ወልውዬ ደግሜ አነበብኩት።

ልጄ እዚያ ላይ ነው፤ ኬማር ይባላል፤
አራተኛ ፎቅ ላይ አልጋ ያነጥፋል፣
ፎጣ አጣጥፎ ዝሆን ይሠራል፤
ቤት ሳለ የራሱን ሸሚዝ እንኳ ማጠፍ አያውቅም ነበር።
ቅዳሜ ቅዳሜ ከብሪጅታውን ወደብ
ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ይቆማል መርከብ፤
ያ ቀን ግን ለእሱ የሥራ ማዕበል ነው፣
የከረመው ወጥቶ አዲስ የሚገባው፤
መውረድ የለም።
እኔ ከአጥሩ ማዶ ቆሜ በጃንጥላ
እጄን አወዛውዛለሁ ለዚያ ነጭ ገላ።
የቱ ይሆን መስኮቱ እያልኩ ስገምት ከረምኩ።
የሠራተኛ ክፍል መስኮት የለውም አሉ።

እና፣ ካላስቸገርኩ፣ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ፣
ቢጫ የቃሪያ ስጎ፣ አፏ የታሸገ፣ እንዳትፈስ፣
በካልሲ ጠቅልዬ በሻንጣችሁ ብትደርስ።
የመርከቡ ምግብ ጨው እንጂ ነፍስ የለውም ይለኛል።
ሦስተኛውን ሌሊት አላስከፍልም።

ሦስት ያልኩት ለስጎው እንዳይመስላችሁ።
በር አንኳኩቶ ፎጣ ሲያመጣላችሁ
«እናቴ እንዴት ናት?» ይላል፤ አውቀዋለሁ።
አንድ ሌሊት ያደረ «ደህና ናት» ይለዋል፤
ደህና ናትማ በስልክ እኔም እለዋለሁ።
ሦስት ቀን ያየኝ ግን ሌላ ቃል ያገኛል፦
ጣራው እንደታደሰ፣ ውሻዋ እንደወለደች፣
ክሪኬት በሬዲዮ ስሰማ
ከዳኛው ጋር እንደምጣላ።
ደረጃው መሀል ቆሜ እንደማርፍ ግን አትንገሩት።

መልሱን ቶሎ ላኩ፤ የካቲት ይሞላል፤
አልጋው አንድ ብቻ ነው።
በሩ ትንሽ ወደ ላይ ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል።
ሌሊትም ብትደርሱ አንኳኩ፤ አልተኛም።

ኦርሊን ጊተንስ